ቀይ ስንት ስም አለው

ማርሿ እንደ ጃንጥላ እጀታ ከፊት ተስቦ የሚወጣ፣
አንድ በሯ በሲባጎ የታሰረ ሬኖ ካትር ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች።
ቴሌስፎሮ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ጉልበቱ ላይ ባርኔጣ።
አርባ ዓመት ዳቦ አመላልሶባታል በዚህ ጎዳና፣
ሸለቆው ሳይነቃ፣ ጎህ ሳይቀድ ገና።
ኩርባውን ሁሉ በስም ይጠራል፦
«ይቺ መበለቷ ናት፣ ቀስ በያት፤
ያኛው ሰካራሙ ነው፣ ጡሩምባ ይወዳል።»
ዓይኑን ግን፣ ብል እንደገባው ብርድ ልብስ፣ ከዳር ከዳር እየተበላ፣
መሀሉ ላይ የሳንቲም ታህል ቀዳዳ ቀርታለች፤ ከዚያ ወዲያ ጥላ።

ልጁ ቪሲታሲዮን በሰዓት ነው የምትከፍለኝ፤
«ከአስፋልት እንዳትወርዱ» ብላ ነው ያስማለችኝ።

ወረድን።

ጭስ ማውጫ ከኮረብታ ሆድ የሚበቅልበት፣
ሰው አፈር ፈልፍሎ፣ ኖራ ቀብቶ የሚያድርበት
ጎራፌ ከታች፣ ከወንዙ ዳር ቀረ።
ዳገቱን ስንጨርስ ሜዳ፣ የለውዝ ዛፍ በሰልፍ፤
ከዚያ ሜዳው ድንገት ተሰበረ።

ተሰበረና፣ ምን ልበል? መሬት ቆዳዋ ተገፎ፣
ሥጋዋ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ጅማቷ ተሰልፎ።
ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ ቆሎ ይንጣጣል፤
አቧራው ከኋላችን ቆሞ፣ እንደ ሰው ያየናል።

«ምን ይታይሻል?» አለ።
«ሮሆ» አልኩት።
«እሱንማ ዕውርም ያውቃል። የትኛው ሮሆ?»

እዚያ ላይ ቋንቋዬ አለቀ።
አንሶላ በማንጠፍ የተማርኩት አፍ
ፎጣ ያውቃል፣ ሾርባ ያውቃል፣ የመድኃኒት ሰዓት ያውቃል፤
ድንጋይ ፊት ሲያቆሙት ወደቀ።

አባቴ ደላላ ነበር፣ ፈረስ በሚሸጥበት ተራ፤
የሰው ስም ቢረሳ የፈረስ መልክ የማይረሳ፣ ከሩቅ ለይቶ የሚጠራ።
ድንገት የእሱ አፍ አፌ ውስጥ ገባ፦

«በስተቀኝህ ዳማ አለ፤ ላብ ያጠቆረው ጀርባው፤
ከሥሩ መጋላ ተኝቷል፣ ጭራው ጎርፍ የቆፈረው ቦይ የገባው።
ከማዶ ሐመር፣ ጥርሱ ያለቀ፤ ከጎኑ ቡላ፣
ገና እግሩ ያልጸና ውርንጭላ።
ቦራም አለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጭረት፣
ጄሶ ይሁን ጨው እንጃ፣ ፀሐይ ያበራበት።»

ቴሌስፎሮ አልሳቀም። አንድ በአንድ አስደገመኝ፤
ዳማ፣ መጋላ እያለ፣ ምላሱ እየተሰናከለ ተከተለኝ።
«አሁን ታየኝ» አለ። «እየጋለቡ ነው?»
«አይ፣ ቆመዋል» አልኩት። «እኛ ነን የምንጋልበው።»

መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጁን አወጣ፤
መዳፉን በነፋሱ ላይ፣ አንገት እንደሚያሻሽ ሰው፣ አመላለሰ።
ምንም አላለም። እኔም ፍጥነት ቀነስኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መልኮቹ ተቀላቀሉ፤
ዳማውም፣ መጋላውም፣ ሐመሩም ባንድ ላይ ቀሉ።
«አሁንስ?»
ስም አልቆብኝ «ሁሉም ቀይ» አልኩ፣ በገዛ ቋንቋዬ።
ለቀ የሚሆን ጉሮሮ የለውም፤ መጨረሻውን ጎትቶ፣
«ካዬ» አለ። «ካዬ፣ ካዬ።»

ካዬ በእነሱ አፍ መንገድ ነው፣ ቁጥር የተለጠፈበት፣ የዳቦ ቤት ያለው።
በእኔ ጆሮ ግን ሌላ ነው፤
አጥሩ፣ የጎረቤት ሳል፣ ስመለስ ውሻው የሚያውቀው።
አልተረጎምኩለትም።
ሞተሩ ይተረጉም ነበር፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ እያቃሰተ።

ቪሲታሲዮን በር ላይ ቆማለች፣ እጇን አጣምራ።
ነጩን መኪና በጣቷ ዳሰሰች፤ ጣቷን አየች፤ ጣቷ ቀይ።
«ከአስፋልት ወርዳችኋል።»
«እኛ?» አለ አባቷ፣ ቅንድቡ በርበሬ የመሰለ፣
ጢሙ፣ የጆሮው ጠርዝ፣ የባርኔጣው ክፈፍ ሳይቀር የቀላ።
«ኧረ በጭራሽ!»

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ በሹክሹክታ፦
«ነገ መበለቷን በሦስተኛ ያዢያት።
ውርንጭላውም ቆሞ እንደሆነ እናያለን።»